መደብ ሰባት ይታረም

ባለፈው ሰሞን የእድራችን ሰዎች ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ለለቅሶ ስንሄድ፣ ማንኩሳ ላይ ሾፌራችን ሚኒባሱን አቁሞ አንድ ጆንያ በርበሬ ጫነብን። የእድሩ ሊቀመንበር ይህ የለቅሶ መኪና ነው እንጂ የበርበሬ አይደለም ብለው ተቆጡ። ሾፌሩ የአክስቱ መሆኑን ተናግሮ፣ አክስቱም ቡሬ ከለቅሶው ቤት ጎን እንደምትኖር አስረድቶ፣ ጆንያውን እግሬ ሥር አጋደመው። ገና የስጥ ሙቀቱ ያልለቀቀው የዘንድሮ ዛላ ነው። ትንሽ እንደሄድን መጀመሪያ እኔ አነጠስኩ፤ ቀጥሎ ከኋላዬ ያሉት ሴቶች፤ ቀጥሎ መኪናው ሙሉ። ከለቅሶው ቤት ስንደርስ ሁላችንም ዓይናችን ቀልቶ እንባችን በጉንጫችን ይወርድ ስለነበር፣ ሐዘንተኞቹ እንደ ፍኖተ ሰላም ሰው አንጀት ያለው የለም ብለው መሰከሩልን። እኔም አላስተባበልኩም።

እኔን ግን የበርበሬ ሽታ ከማስነጠሱም ሌላ ጣጣ አለው። አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ዘመን ጎትቶ ያመጣብኛል፤ ማንኩሳ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር፣ አንዲት ማሳ ላይ አምጥቶ ያቆመኛል። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ አልናገርም፤ ብናገርም እሳሳታለሁ። የማስታውሰው ሻይ በስሙኒ እንደነበር፣ ቴትሮን ሸሚዝ የለበሰ ጎረምሳ ፍኖተ ሰላም ዋናውን መንገድ ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ሳይመላለስ ወደ ቤቱ እንደማይገባ፣ የእኔም ቴትሮን ሰማያዊ ሆኖ ክርኑ ላይ የተጣፈ እንደነበር ነው። ከዚያ በፊት ድቁና ተቀብዬ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ቆይቻለሁ፤ ቅኔው ሳይዘልቀኝ ወደ አስኳላ ገባሁ፤ ከአስኳላ ወደ እርሻ ሥራ። ያን ጊዜ መሥሪያ ቤቴ የትምህርት ፈቃድ ሰጥቶኝ የመመረቂያ ጥናት ላይ ነበርኩ። ፈቃዱ በዚያው ዓመት ያበቃል። ጥናቱን በዚያች ክረምት ካልጨረስኩ ወረቀት የለም፤ ወረቀት ከሌለ ደግሞ ወደ ግምጃ ቤት ጸሐፊነቴ ተመልሼ የመጥረቢያ እጀታ ስመዘግብ እኖራለሁ። የግምጃ ቤቱ ኃላፊም ይህን ስለሚያውቅ ወንበሬን ለማንም አልሰጣትም ነበር፤ ባገኘኝ ቁጥር «አለችልህ፣ አቧራዋን እያራገፍኩልህ ነው» ይለኛል።

ጥናቴ ቀላል ነው። በርበሬ ስንት ጊዜ ሲታረም ነው የሚያዋጣው? እናቴ ይህን ስትሰማ «ይህን ለማወቅ ነው ያን ሁሉ ዘመን የተማርከው? ምነው እኔን ብትጠይቀኝ!» ብላ አዝናብኝ ነበር። ማሳዋን ያገኘሁት ከመሪጌታ ልሳነወርቅ ነው፤ ቅኔ አዋቂ ሊቅ፣ የአጥቢያው መሪጌታ፣ ደግሞም በእርሻው የሚኮራ ሰው። ማሳዋን በችካልና በሲባጎ ስምንት መደብ አድርጌ ከፈልኳት፤ በየመደቡ ራስ ቁጥር የተጻፈባት ቆርቆሮ ተከልኩ። መደብ አንድ በየሳምንቱ ይታረማል። ሌሎቹ ሁለቴ፣ አንዴ፣ እንደየድርሻቸው። መደብ አራትና መደብ ሰባት ግን ከቶ አይታረሙም። ያልታረመ ከሌለ የታረመው ከምን በለጠ ይባላል? ማነጻጸሪያዎቼ እነሱ ናቸው። ታዲያ ገና በሐምሌ የመሪጌታ ላም ገመዷን በጥሳ ገብታ፣ ከስምንቱ መደብ መርጣ፣ ለምለም አረም ያለበትን መደብ አራትን ከነበርበሬው ግጣ ወጣች። ቀረኝ መደብ ሰባት። ሙሉ ዕጣዬ ያለው በአንዲት የመጭና የሙጃ አረም ጫካ ውስጥ ነበር ማለት ነው።

አሁን ዶክተር ይኄይስን ላስተዋውቃችሁ፤ አማካሪዬ እርሳቸው ናቸው። አጠር፣ ደንደን ያሉ፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ሳፋሪ የሚለብሱ፣ የሳፋሪያቸው አራት ኪስ በወረቀት ተወጥሮ ከሩቅ ሲያዩአቸው የጥይት ዝናር የታጠቁ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። አምስት ሰው የሚሠራውን ሥራ ለእርሳቸው ብቻ ሰጥተዋቸዋል። ያስተምራሉ፣ ኮሚቴ ይሰበስባሉ፣ በየወረዳው ያለውን የሙከራ ማሳ ይጎበኛሉ፣ የእኔ ቢጤ ሃያ ተማሪ ደግሞ የሳፋሪያቸውን ጫፍ ይጎትታል። ሌላው ሰው ሲገናኝ ጤና ይስጥልኝ ይላል፤ እርሳቸው «ቸኩያለሁ» ነበር የሚሉት። የሚያስቀው፣ ሰዉም ለምዶት «እግዜር ይመስገን» ብሎ ይመልስላቸው ነበር።

መጀመሪያ ባሕር ዳር ቢሮአቸው በር ላይ አራት ቀን በአግዳሚ ወንበር ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ጸሐፊዋ አዝና፣ ቢሮው የኋላ በር እንዳለው ነገረችኝ። በኋላ በር ዞሬ ያዝኳቸው። አርባ ጥያቄ በደብተር ጽፌ ነበር፤ ደብተሩን ስከፍት ገልመጥ አድርገውት፣ ጥናቴ ምን እንደሆነ በአንድ ዐረፍተ ነገር እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ስለ በርበሬ አመጣጥ ጀመርኩላቸው። ገና በርበሬውን ከባሕር ማዶ ሳላሻግረው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በሩን ከመዝጋታቸው በፊት ግን ዕድሜ ልኬን ያልረሳሁትን ደንብ አወጡልኝ። «ሦስት ጥያቄ፣ በአንድ ወረቀት። ከየጥያቄው ሥር የራስህን መልስ ጻፍበት፤ እኔ ልክ ነው ወይም አይደለም ልበልህ። አራተኛውን ራስህ መልሰው።»

የአሁን ልጆች ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። እነሱ ለመምህራቸው በስልክ ይልካሉ፤ ከዚያ አይቶታል ግን አልመለሰልኝም እያሉ ሲያለቅሱ ይውላሉ። እኔ የአይቶታሉን ምልክት የማገኘው ከመኪናቸው ጎማ በሚረጨው ጭቃ ነበር። ዶክተር ከባሕር ዳር ተነስተው በዱርቤቴ፣ በቡሬ አድርገው ወደ አዲስ አበባ ሲወርዱ ማንኩሳን ማለፋቸው አይቀርም። ቀኑን ከጸሐፊዋ አጣራለሁ፤ ጋቢዬን በረጅም ዱላ ላይ አስሬ ዋናው መንገድ ዳር እቆማለሁ። ሾፌራቸው ያውቀኛል፤ ይቆምልኛል። ከማንኩሳ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለችው መንገድ የእኔ ትምህርት ቤት ነበረች። ሾፌሩ አንዲት የባህል ዘፈን ካሴት ነበረችው፤ በአንድ ወገኗ ብቻ የምትሠራ። ዛሬም ያን ዘፈን ሬዲዮ ላይ ስሰማ ወረቀት አውጥቼ ጥያቄ ልጽፍ ይቃጣኛል። ፍኖተ ሰላም ላይ ያወርዱኛል፤ እኔ በእግሬ ወደ ማንኩሳ እመለሳለሁ፤ መልሱን እያመነዠክሁ።

እውነቱን ለመናገር ከቸኮለ ሰው መማር እየሄደች ያለችን ላም እንደማለብ ነው። ግን ይታለባል። መልስ ይዤ እንድመጣ ስላዘዙኝ ማታ ማታ ማሰብ ለመድኩ፤ ከሦስቱ ጥያቄ ሁለቱ ወረቀቱ ላይ ሳሰፍራቸው ራሳቸው ይመለሱልኝ ጀመር። አንድ ሌላ ትእዛዝም ነበራቸው፤ ሳትመዝን አትጣል፣ ሳትጽፍ አትተኛ የሚል። ከማሳው የወጣ ነገር ሁሉ፣ የረገፈ ቅጠል ቢሆን፣ ይመዘናል፤ ቀኑም ይጻፋል። የመሪጌታ ላም መደብ አራትን የበላች ጊዜ እንኳ ስንት ኪሎ እንደበላች ገምቼ ጽፌያለሁ። መሪጌታ ይህን አይተው፣ ላሟን ሊያስከስሳት ነው ብለው ሳምንት ሙሉ አላናገሩኝም።

ነገሩ የተበላሸው በፍልሰታ ጾም ነው። ያን ቀን የሚያካፋ ዝናብ ነበር። እንደ ልማዴ ማንኩሳ ላይ ተሳፈርኩ፤ እስከዚያ ያለውን ውጤት በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርጌ ሰጠኋቸው፤ እርሳቸው መኪናው እያንገጫገጫቸው ያነባሉ። ሁለቱን ጥያቄ በደህና ጠየቅሁ። ሦስተኛውን ስናገር ዛሬም ያሳፍረኛል። የሠንጠረዡ መስመር በሰማያዊ እስክሪብቶ ይሁን በጥቁር ብዬ ጠየቅሁ። «በጥቁር» አሉኝ። አለቀ፤ ሦስተኛዋን በቀለም ጨረስኳት። ፍኖተ ሰላም ስንደርስ በወረቀቱ ጠርዝ አንዲት ነገር ጫር አድርገው ሰጡኝ፤ ወረድኩ። ከአንድ ሱቅ ታዛ ተጠልዬ ሳነብ «መደብ 7 ይታረም» ይላል።

ይታረም! አያችሁት አይደል የአማርኛን ተንኮል? ጽሑፍም ይታረማል፤ ማሳም ይታረማል። ቁጥሩን አስተካክል ማለታቸው ነው ወይስ አረሙን ንቀል? የመደብ ሰባትን ቁጥር አየሁት፤ ስህተት አልታየኝም። ቀና ስል፣ መኪናቸው ሃምሳ እርምጃ እንኳ አልራቀም፤ ሻይ ቤቱ በር ላይ ቆሟል፤ ዶክተር ቆመው በብርጭቆ ሻይ ይጠጣሉ። ሄጄ ብጠይቃቸው ያለቀ ነበር። ሁለት እርምጃ ተራመድኩ። ሦስቱን ጨርሼአለሁ የሚል ነገር መጣብኝና ቆምኩ። አራተኛውን ራስህ መልሰው ተብያለሁ። ደግሞም ይህን እንኳ አልገባህም እባላለሁ ብዬ ፈራሁ፤ ፍርሃቴን ጨዋነት አስመስዬ ለራሴ ሸጥኩት። ሻዩን ጨርሰው ሄዱ። ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚሉት እንዲህ ያለውን ሰው አይተው ነው።

ማንኩሳ ስደርስ መሪጌታ ልሳነወርቅ ከቅዳሴ ወጥተው፣ በጾም አፋቸው ደክሟቸው ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አሳየኋቸው። ለቅኔ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማሳየት ለድመት ሥጋ ማሳየት ነው፤ ድካማቸው ወዲያው ጠፋ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሏን አኘኳት። ሊቅ ቃል አያባክንም አሉ። ቁጥሩን ማለት ቢፈልግ ኖሮ ቁጥሩ ይታረም ይል ነበር፤ እርሱ ያለው ግን መደቡ ይታረም ነው።

«ከመደቡ ላይ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ።

«አረም።»

«እንግዲህ። ሰሙ ጽሑፉ፣ ወርቁ አረሙ። መምህርህ ቅኔ ነው የተቀኘልህ፤ አንተ ደግሞ ከቅኔ ቤት ቶሎ ወጥተህ አመለጠህ።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ከአጥንቴ ገባች። ቅኔ ቤቱን ጥዬ መውጣቴ ቁስሌ ነው፤ እርሳቸውም ያውቁታል። ያልነገሩኝ ግን ሌላ ነገር ነበር፤ እሱን የሰማሁት ከዓመታት በኋላ ነው። መደብ ሰባት ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ዳር ስለነበረች፣ ቅዳሴ የሚሄደው ሰው ሁሉ ጫካዋን እያየ የመሪጌታ ማሳ ዳዋ ለበሰ፣ እጃቸው ከመጽሐፍ ሌላ አይዝ ይሆን እያለ ያማቸው ነበር። በእርሻው ለሚኮራ ሰው ይህ ሞት ነው። እንግዲህ ሊቁ ቅኔውን የፈቱት ግማሹን በእውቀት ግማሹን በሐፍረት ነበር ማለት ነው። እኔ ግን አልጠረጠርኩም። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ሱሪዬን ጠቅልዬ ገባሁ፤ እስከ ቀትር አንዲት ሙጃ ሳላስቀር አጸዳኋት። መሪጌታም ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምቱ ፈገግ ብለው አለፉ። የተነቀለውን አረም ከምሬ፣ በሚዛን መዝኜ፣ ቀኑን ጻፍኩ። ሳትመዝን አትጣል ተብያለሁና።

ዶክተር የመጡት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ሳያስታውቁ፣ ጃንጥላ ይዘው፣ ጫማቸው ጭቃ ለብሶ። እኔ እንደ ሙሽራ ቀድሜ መንገድ መራኋቸው። መደቦቹን አንድ በአንድ እያዩ መጡና ከሰባት ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቆርቆሮዋን አዩ። በርበሬውን አዩ። መልሰው ቆርቆሮዋን አዩ።

«መደብ ሰባት የታለች?» አሉኝ።

«ታርማለች፣ ዶክተር» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቼ።

«ማን አለህ?»

«እርስዎ።»

ወረቀቷን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ወደ ዓይናቸው አስጠጓት፤ አራቋት፤ ደግሞ አስጠጓት። ፊታቸው ሲለዋወጥ ነው ቁጥሩን እንጂ አረሙን አለማለታቸው የገባኝ። የግምጃ ቤቱ ወንበር ታየችኝ፤ የመጥረቢያው እጀታ ታየኝ፤ ኃላፊው አቧራዋን ሲያራግፍ ታየኝ። ያለቅሳል ብላችሁ አትፍረዱብኝ እንጂ አለቀስኩ። ዶክተር ወረቀቷን አጥፈው ከሳፋሪያቸው ኪስ ከተቱ፤ ከድንበሩ ድንጋይ ላይ ከነጃንጥላቸው ተቀመጡ። ተቀምጠው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር። «ጥፋቱ የሁለታችን ነው፤ ለሁለት እንሸከመዋለን» አሉ። ቸኩያለሁ አላሉም።

እንዲህ ተቀምጠን ሳለን ነው አያ ሽባባው ከአጥሩ ማዶ ሊሳለም የመጣው። አያ ሽባባው የመሪጌታ ጎረቤት ነው፤ ደግ፣ ተጫዋች፣ ስንፍናውን ራሱ የማይክድ። በሰኔ ከእኔ የተረፈውን ችግኝ ለምኖኝ ወስዶ፣ እኔ በተከልኩበት ቀን ተክሏል፤ ከዚያ ወዲህ ማሳውን የጎበኛት በዓይኑ ብቻ ነው። ዶክተር እየተሳለሙት ሳለ ዓይናቸው በትከሻው አልፎ ወደ ማሳው ሄደ። ብድግ አሉ። ችግኙ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተተከለ ጠየቁት፤ ነገራቸው። አርመኸው ታውቃለህ ወይ ሲሉት አያ ሽባባው ሊገሥጹት መስሎት አንገቱን ሰበረ፤ ሚስቱም በዚሁ ነገር እንዳኮረፈችው፣ ዛሬ ነገ ሲል እንደሆነ፣ ነገ ግን እንደሚጀምር ቃል ገባ። ዶክተርም አንተ ሲሉት የነበረውን ሰው በአንዴ እርስዎ አሉት።

«እባክዎን አይንኩት። እስኪለቀም ድረስ አንዲት አረም እንዳይነቅሉ።»

አያ ሽባባው ወደ እኔ ዞረ፤ ቀልድ መሆኑን ሊያጣራ። ቀልድ አለመሆኑን ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። «ጌታዬ፣ እንዲህ ያለ የሚስማማኝ ትእዛዝ ከተወለድኩ ደርሶኝ አያውቅም» አለ። በማግስቱ ሚስቱ መኮትኮቻ ይዛ ስትመጣ ድንበሩ ላይ ዘንጉን ይዞ ቆሞ፣ ይህ ከእንግዲህ የጥናት ቦታ ነው፣ በዶክተር ትእዛዝ የተከበረ ነው ብሎ መለሳት። እስከ ኅዳር ድረስ ማሳውን እንዲያ ሲጠብቅ የባከነው ጉልበት ሁለት ጊዜ ያሳርመው ነበር። ሚስቱ ለመሪጌታ ልትከሰው ብትሄድ መሪጌታ፣ በዶክተር ነገር ከእንግዲህ ቅኔ አልፈታም ብለው እጃቸውን ታጠቡ።

ጥናቴ እንዲህ ተረፈ። ዶክተር ርእሱን ለወጡት፤ አርፍዶ ማረም ያዋጣል ወይ የሚል ሆነ። የነቀልኩት አረም ተመዝኖ፣ ቀኑ ተጽፎ ስለነበር መደብ ሰባት አርፍዶ የታረመ ሆነች፤ የአያ ሽባባው ስንፍና ያልታረመ። በኅዳር ዛላው ሲመዘን መደብ ሰባት በጊዜ ከታረመው አነሰች፤ ከአያ ሽባባው ግን በዓይን እንኳ በለጠች። በጥናቴ ምርመራ ቀን ከመርማሪዎቹ አንዱ፣ ነጭ ጸጉር ያላቸው ሰው፣ መደብ ሰባት በነሐሴ አጋማሽ በድንገት የታረመችው በምን ምክንያት እንደሆነ ጠየቁኝ። ወረቀቶቼን ማገላበጥ ጀመርኩ። ዶክተር ከወንበራቸው ሳይነሱ «በእኔ ትእዛዝ ነው» አሉ። መርማሪው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ። ወረቀቴን አገኘሁ፤ የግምጃ ቤቷ ወንበር ለሌላ ሰው ሆነች። ከዚያ በኋላ በሠራሁባቸው ዘመናት ሁሉ፣ ትልቅ ሰው ለእኔ ድንቁርና ሲል ሰው ፊት ዋሸልኝ እያልኩ ስኖር ኖርኩ። ላመሰግናቸውም ላነሳውም አፈርኩ። እንዲህ ስንፈራራ ዕድሜው ነጎደ።

እንግዲህ ቡሬ ለቅሶው ቤት ተቀምጠን፣ ዓይናችንን እየጠረግን፣ አጠገቤ የነበሩ አዛውንት በጨዋታ መካከል የዶክተር ይኄይስን ስም ያነሳሉ። ጡረታ ወጥተው ወደ ተወለዱበት መመለሳቸውን፣ ቤታቸው ከዚያው ሁለት አጥር ማዶ መሆኑን፣ ዓይናቸው መድከሙን ነገሩኝ። ሊቀመንበራችን ግማሽ ሰዓት ሰጡኝ፤ ከዚያ ካለፈ ሚኒባሱ ይሄዳል አሉ። እየሮጥኩ ሄድኩ።

ዶክተር ግቢያቸው ውስጥ ካለው የጭቃ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ካኪ ሳፋሪ ነው የለበሱት፤ አራቱም ኪሶቹ ባዶ ሆነው ረግበዋል። ድምፄን ሲሰሙ «አንዳርጌ» ብለው በስሜ ጠሩኝ፤ በአንዴ። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ጤናዎ እንዴት ነው አልኳቸው፤ መለሱ። ዓይንዎስ አልኳቸው፤ መለሱ። ልጆችስ አልኳቸው፤ እሱንም መለሱ። ከዚያ ሰዓቴን አየሁና፣ መኪና እንደሚጠብቀኝ፣ ሌላ ቀን ተመልሼ እንደምመጣ መናገር ጀመርኩ። እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ።

«ሦስት ጠየቅከኝ። አራተኛ የለህም?» አሉኝ።

እኔም ከየት እንደመጣ ሳላውቀው ወጣ። «ያኔ በምርመራው ቀን፣ ለምን ዋሹልኝ?»

«አልዋሸሁም» አሉ። ከውስጥ፣ ከቁም ሣጥኑ ከላይኛው መሳቢያ፣ አንድ የቆየ መጽሐፍ እንዳመጣላቸው ላኩኝ። ከመጽሐፉ መካከል ያቺ ወረቀት ወጣች፤ መታጠፊያዋ ላይ ልትበጠስ ደርሳለች። መነጽሬን አደረግሁ። ዝናብ የነካት ናት፤ ቀለሟ ትንሽ ፈሷል። ሰባት ብዬ ያነበብኳትን ቁጥር ደህና አድርጌ አየኋት። ሰባት አይደለችም። አንድ ናት፤ መኪናው ሲያንገጫግጫቸው ራሷ ላይ ጭረት የተሳበባት አንድ። ዓይኔን ወደ ሠንጠረዡ መለስኩ፤ በመደብ አንድ ረድፍ ሁለት ቁጥሮች ቦታ ተለዋውጠዋል። አርባ ዓመት ገደማ ተለዋውጠው ኖረዋል።

«መደብ አንድ ይታረም ነው ያልኩህ» አሉኝ። «መደብ አንድን ብታርማት ደግሞ ማንም ምንም አይልም ነበር፤ በየሳምንቱ የምትታረም ናት። ማሳው ላይ ቆሜ ሳያት ግን ለእኔም ሰባት ሆና ነው የታየችኝ፤ አንድ መሆኗ የገባኝ በኋላ ነው። በእጄ የተጻፈ፣ እኔ ራሴ ሰባት ብዬ ያነበብኩት፣ የእኔ ትእዛዝ አይደለም እንዴ?»

«ይህን ግን አልነገሩኝም።»

«አልጠየቅከኝም። ሦስትህን ጨርሰህ ነበራ።» ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እንደ በርበሬው ሁሉ እንባ አመጣብኝ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግን እጃቸው ጉልበቴ ላይ ጠበቅ አለ። «ሃያ ተማሪ ነበረኝ። ሁላችሁም ሦስት ጠይቃችሁ ሄዳችሁ። አሁን ጧት ተነስቼ እዚህ እቀመጣለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ያ ደንብ ክፉ ደንብ ነበር፣ አንዳርጌ። ይታረም።»

ከአጥሩ ማዶ የሚኒባሱ ጥሩምባ ተነፋ። ሊቀመንበራችን ናቸው፤ ግማሽ ሰዓት ካሉ ግማሽ ሰዓት ነው። ሁለተኛ ተነፋ። ዶክተር ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ፤ እጃቸውን ከጉልበቴ ላይ ቀስ አድርገው አነሱ።

«ቸኩለሃል?» አሉኝ።

«አልቸኮልኩም፣ ዶክተር» አልኩና ጫማዬን አውልቄ መደቡ ላይ ወጥቼ ተደላደልኩ። አምስተኛውን ጠየቅኋቸው።